ሽሮና የሸራ ጀልባው

ድመትና ውኃ እንደማይስማሙ መቼም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ስዊድን አገር፣ ስቶክሆልም ከተማ ሳለን ያስተናገደችን እህት «ነገ በጀልባ ስንወጣ ሽሮም አብሮን ይሄዳል» ስትለኝ ለስንቅ የምትሠራው ወጥ መስሎኝ «ሽንኩርቱን እኔ ልክተፍልሽ» አልኳት። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ለካ ሽሮ ሶፋው ላይ ተጋድሞ የነበረው ድመት ኖሯል! መልኩ ቁርጥ ሽሮ ወጥ፣ ዕድሜው ስድስት ዓመት፣ ወንድ ድመት ነው።

ባለቤቴ እዚያ ላሉ የአገራችን ልጆች በተዘጋጀ የባለትዳሮች ጉባኤ ላይ እንዲያስተምር ተጋብዞ ነበር። ጉባኤው ካበቃ በኋላ እነዚህ ባልና ሚስት ሦስት ቀን በሸራ ጀልባቸው ሊያዝናኑን ወሰዱን። እሷ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። እሱ ስዊድናዊ ሲሆን አማርኛውን ከእሷ ለምዶ «እሺ»ንና «አይዞሽ»ን ከእኛ አብልጦ የሚናገር ሰው ነው።

ከስቶክሆልም በስተ ምሥራቅ እስከ ባልቲክ ባሕር ድረስ ወደ 30,000 የሚጠጉ ደሴቶችና አለቶች ተበትነዋል። በአንዳንዶቹ ላይ መንደርና ሱቅ አለ፣ በአንዳንዶቹ ላይ አንድ ቀይ ቤት ብቻ፣ በብዙዎቹ ላይ ግን ከወፍ በቀር ነዋሪ የለም። የውኃው ጨውነት ከውቅያኖስ በጣም ያነሰ ነው፤ የባሕር ሙላትና ጉድለትም የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መልሕቁን ከኋላ ጥሎ የጀልባውን አፍንጫ አለቱ ድረስ አስጠግቶ ዛፍ ላይ ማሰር የአገሬው ልማድ ነው። ለድመት ደግሞ ከጀልባ ዘሎ አለት ላይ መውረድ ትልቅ ደስታ ነው። የመጀመሪያውን ቀን የድሮው የቫክስሆልም ምሽግ አጠገብ አልፈን ግሪንዳ በምትባል ደሴት አደርን። ሌሊቱ ሌሊት አይባልም፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ እንኳ ሰማዩ ገና አልጨለመም ነበር።

እኔ ውኃ እፈራለሁ። ስለዚህ ጀልባዋ ላይ ያለውን የጥንቃቄ ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ እጠይቅ ነበር። ግማሹ ለእኛ ሳይሆን ለሽሮ የተዘጋጀ መሆኑን ሳይ ገረመኝ። የጀልባዋ ጠርዝ ዙሪያውን ቀዳዳው በጠበበ መረብ ታጥሯል። ከኋላ በኩል እስከ ውኃው የሚደርስ ያረጀ ምንጣፍ ተንጠልጥሏል፤ ድመቱ ቆመን ሳለ ቢወድቅ በጥፍሩ ቧጥጦ የሚወጣበት ነው። ከጎኑ ረጅም እጀታ ያለው የዓሣ መረብ ተሰቅሏል። ሽሮ ራሱ ጀርባው ላይ ማንጠልጠያ ያለው ቢጫ የነፍስ ማዳኛ ጃኬት ይለብሳል፤ ከሥሩም ደረቱን የሚያቅፍ ማሰሪያ አለው። አንገት ላይ ማሰር ክልክል ነው፤ ዘሎ ቢንጠለጠል ይታነቃል። የገመዱንም ርዝመት ባልየው ለክቶ ነው የቆረጠው። ድመቱ ወንበሩ ላይ እንደልቡ ይዞራል፣ ጠርዙን ግን አይደርስበትም። ገመዱ ከዚያ ቢረዝም ኖሮ ድመቱን ከጀልባዋ ጎን አንጠልጥሎ ይጎትተው ነበር።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ጃኬቱን መጀመሪያ ያለበሱት ክረምቱን ቤት ውስጥ ነው፤ በቀን አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ዓሣ እየሰጡ ዐሥር ደቂቃ። ቀጥሎ ጀልባዋ ወደቧ ላይ ታስራ ሳለ አብሯቸው ያድር ጀመር። ሞተር ሲነሣና ማዕበል ሲጠነክር ታች ባለው ክፍል፣ በቀበቶ በታሰረ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። መጸዳጃውም ዝቅ ብሎ እንዳይንሸራተት የታሰረ ሲሆን በአሸዋ ፈንታ የእንጨት ፍርፋሪ ይደረግበታል። ከመነሣታቸው በፊት ብዙ አይመግቡትም፤ ድመትንም ባሕር ያጥወለውለዋል፣ ለሃጩን ያዝረከርካል። የሰው መድኃኒት ግን በጭራሽ አይሰጡትም፤ ለእኛ ተራ የሆነው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። እነዚያ ደሴቶች መዥገር ስለሚበዛባቸው ማታ ማታ ጠጉሩን እየገለጡ ያዩታል። ለውሻ የተሠራውን የመዥገር ጠብታም አይነኩትም፤ ብዙ ጊዜ ለድመት መርዝ የሆነ ነገር አለበት።

የወረቀቱ ነገርም አለ። በስዊድን እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ድመትን ምልክት አድርጎ ማስመዝገብ ግዴታ ሆኗል፤ ሽሮም ከቆዳው ሥር ማይክሮቺፕ አለው። ወደ ፊንላንድ ደሴቶች ሲሻገሩ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን የያዘ የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «እኛ ቪዛ ስንለምን ከርመን እሱ ፓስፖርት አለው!» ብሎ አሳቀን።

በሁለተኛው ቀን ከግሪንዳ ወደ ፊንሃምን ስንጓዝ ጥሩ ነፋስ ነበር። ባልየው መሪውን ይዟል፣ ባለቤቴ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ እሷ ታች ሻይ ታፈላለች። ሽሮ ከእኔ ጋር ታስሮ ነበር። ገመዱ የኋላ እግሩ ላይ ተጠመጠመና እያለቀሰ ያየኝ ጀመር። አሳዘነኝ። «ለአፍታ ፈትቼ ላስተካክለው» ብዬ መንጠቆውን አላቀቅሁ። ማንንም አላማከርኩም። ያኔ አንድ ትልቅ የመንገደኞች መርከብ አልፎን ነበርና ማዕበሉ ደረሰን። ጀልባዋ ስታጋድል ሽሮ ደንግጦ ከእጄ አመለጠ፣ መረቡን ተሻግሮ ዘለለ፣ ከዚያ ባሕር ውስጥ ገባ።

ጮኽኩ። ባለቤቴ በኋላ «ኢየሱስ! ብለሽ ነው የጮኽሽው» አለኝ፤ እኔ አላስታውስም። የማስታውሰው እስከዚያ ሰዓት «እርስዎ» ይለኝ የነበረው ሰው «አንቺ! እጅሽን ወደ እሱ! ዓይንሽን አትንቀይ!» ማለቱን ነው። ለካ ሥራው ይህ ነው። አንድ ሰው ሌላ ምንም ሳያደርግ በጣቱ የወደቀውን እያመለከተ ማየት አለበት። ጀልባዋ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄድ ነበር። ቀስ ያለች ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ደቂቃ 150 ሜትር ትርቃለች ማለት ነው። በዚያ ርቀት የድመት ራስ በማዕበል መካከል ከባሕር አረም አይለይም። እኔ ያየሁት ድመቱን ሳይሆን ቢጫውን ጃኬት ነበር። ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ብቅ ይላል። እጄ እየተንቀጠቀጠ አመለከትኩ።

እሷ ከታች ወጣች። አላለቀሰችም፣ አልጠየቀችኝም። ሸራውን አወረደች፣ ባሏ ሞተሩን አስነሥቶ ጀልባዋን አዞረ። አንድም የሚባባሉት ነገር አልነበረም፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ያውቃሉ። አጠገቡ ስንደርስ ባልየው ሞተሩን ከማርሽ አወጣ፣ እሷ ተጋድማ መረቡን ከሥሩ አስገባችና በጃኬቱ ማንጠልጠያ ስባ አወጣችው። በፎጣ አደረቀችው፣ ከዚያ ለመጠጥ በያዝነው ውኃ አለቀለቀችው፤ ድመት ጠጉሩን ስለሚልስ ጨዉ ሆዱ ይገባል። እንደገና አድርቃ በሹራቧ ሥር አቀፈችው። እስከ ማታ ድረስ ትንፋሹን ታዳምጥ ነበር፤ ውኃ ሳንባ ከገባ ችግሩ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ሳል ቢጀምረው ሐኪም ፍለጋ ወደ ከተማ ልንመለስ ተዘጋጅተን ነበር።

ፊንሃምን ደርሰን አለቱ ላይ ብቻችንን ስንቀመጥ «ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቄያለሁ፣ እትዬ። መንጠቆው ወንበሩ ላይ ነበር።»

ከዚያ ነገረችኝ። ሽሮ ወደ ቤታቸው የገባው ሦስተኛው ፅንስ በወረደባቸው ሰሞን ነው። በዚያው በጋ ባሏ «ድመቱን ለጎረቤት ትተን በጀልባ እንውጣ» አላት፤ እሷም ሽሮን ትታ አልወጣም ብላ ቤት ቀረች። እሱ ብቻውን ሄደ። ሁለት በጋ እንዲህ አለፈ። «እሱ ከእኔ ይልቅ ጀልባዋን የመረጠ መሰለኝ፤ እሱም ከእሱ ይልቅ ድመቱን የመረጥኩ መስሎት ነበር» አለች። በሦስተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ ወደ ወደቡ ብትሄድ ባሏ ተንበርክኮ የጀልባዋን ጠርዝ በመረብ ሲያጥር አገኘችው። ማንም አላዘዘውም። እኔ በአንድ አፍታ ርኅራኄ የፈታሁት ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ ይቅርታ ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ። እጄን ይዛ ዝም አለች።

ማታ ሽሮ ዓሣውን ሲበላ ባልየው ሊያጽናናኝ ትሪም ስለሚባል ድመት አጫወተን። እ.ኤ.አ. በ1799 መርከብ ላይ የተወለደ፣ የእንግሊዛዊው መርከበኛ የማቲው ፍሊንደርስ ድመት ነው። ትንሽ ሳለ ባሕር ውስጥ ወደቀ፣ ዋኝቶ ገመድ ላይ ተንጠላጥሎ ወጣ፣ በኋላም ከጌታው ጋር አውስትራሊያን ዞረ። ዛሬ ሲድኒ ከተማ በሚገኘው የሚቸል ቤተ መጻሕፍት መስኮት ላይ የነሐስ ሐውልት አለው። ባለቤቴ «ሽሮስ ሐውልቱ የት ይቆማል?» አለ። እኔ ግን ገና አልሳቅሁም።

ሌሊቱን አሥር ጊዜ ተነሥቼ የክፍሉ በር መዘጋቱን አየሁ። እነሱም ቢሆኑ ከጉዞው ይልቅ የሚያስፈራቸው ሰው ተኝቶ ድመት የሚነቃበት ሰዓት እንደሆነ ነግረውኛል።

በሦስተኛው ቀን ልንነሣ ስንል ባልየው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት እንደ ልማዱ የታጠፈውን ሸራና የገመዱን ሳጥን ፈተሸ፤ ድመት የሚደበቀው እዚያ ነው። የሞተሩ ድምፅ አልፎ ሸራው ከተነሣ በኋላ እሷ ሽሮን ከሳጥኑ አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችውና የገመዱን መንጠቆ እጄ ላይ አኖረች። «ዛሬም እርስዎ ኖት የሚይዙት» አለች። መንጠቆውን አሰርኩት፣ ሁለት ጊዜ ስቤ አረጋገጥኩት። ሽሮ ተኛ። በቫክስሆልም በኩል ስናልፍ እግሬ ደንዝዞ ነበር፤ ጀልባዋ ወደቧ ላይ እስክትታሰር ድረስ ግን አልተነሣሁም።