ከጡቡ መጋዘን ሥር

አሜሪካውያን ስለ ስታዲየሞቻቸው ሲከራከሩ የሚያዳምጥ እንግዳ፣ ክርክሩ ስለ ቤተ አምልኮ ይመስለው ይሆናል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በየከተማው የተሠሩት ስታዲየሞች ክብ፣ ግዙፍና ከኮንክሪት የተገነቡ ነበሩ። ቤዝቦልንም የአሜሪካን እግር ኳስንም እንዲያስተናግዱ ታስበው ስለ ተሠሩ ለሁለቱም በወጉ ሳይመቹ ቀሩ። በፒትስበርግ ወይም በሲንሲናቲ የተቀመጠ ተመልካች በየትኛው ከተማ እንዳለ ከሕንጻው መልክ ለመረዳት ይቸገር ነበር። ይህን ልማድ የሰበረው ኤፕሪል 6 ቀን 1992 በባልቲሞር ከተማ የተከፈተው ካምደን ያርድስ ነው።

ኑሮዬ በዋሽንግተን አቅራቢያ ሲሆን፣ የባልቲሞሩ ቡድን የኦሪዮልስ ደጋፊ ነኝ። ደጋፊነቴ የተጸነሰው በታክሲ ውስጥ ነው። ተሳፋሪ በማይገኝበት የምሽት ሰዓት ራዲዮ ከፍቼ ስጠብቅ፣ ትርጉሙን ሳላውቅ የሰማሁት ጨዋታ ቀስ በቀስ ገባኝ። በራዲዮ የሚሰማ ቤዝቦል ለተረት የቀረበ ነገር ነው፤ ወርዋሪው ይዘገያል፣ መቺው ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይጠብቃል፣ በዚህ መካከል ተራኪው የጥንቱን ያወጋል። (ከ2023 ጀምሮ ለወርዋሪው ሰዓት ተቆርጦለታል። ጨዋታው አጠረ፤ ወጉም አብሮ አጠረ።)

ጆሮዬ ለዓመታት የለመደውን ቦታ በዓይኔ ለማየት የሄድሁት በአንድ የበጋ ምሽት ነው። ስታዲየሙ ከሩቅ ጎልቶ አይታይም፤ የመጫወቻው መሬት ከመንገዱ ወለል 5 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተቆፍሯል። በቅድሚያ የሚታየው ከሜዳው በስተቀኝ የተዘረጋው የጡብ መጋዘን ነው። ርዝመቱ 310 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ስፋቱ ግን ከ16 ሜትር አይበልጥም። የባልቲሞርና ኦሃዮ የባቡር ኩባንያ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ የጭነት ዕቃ ያከማችበት ነበር። ሜዳው ሲታቀድ ይፍረስ ያሉ ነበሩ። እንዲቆይ አጥብቀው ከተከራከሩት አንዷ በቡድኑ ውስጥ የግንባታው ኃላፊ የነበረችው ጃኔት ማሪ ስሚዝ ናት።

ለኪነ ጥበብ ሰው እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል። መጋዘኑ እውነተኛ አሮጌ ነው፤ የስታዲየሙ ቅስቶችና የጡብ ግድግዳዎች ግን በ1992 አዲስ ሳሉ አሮጌ እንዲመስሉ የተሠሩ ናቸው። ይህ ማስመሰል አይደለምን? ከፊሉ ማስመሰል ይመስለኛል። ክሊቭላንድ በ1994፣ ዴንቨር በ1995 እያሉ ሌሎች ከተሞች ይህንኑ መንገድ ሲከተሉ፣ የጡብ ልብስ የለበሰ ብረት በየቦታው በቀለ። በመጋዘኑ ደጃፍ ሸክም ያወረዱት ሠራተኞች የሉም፤ ዛሬ በውስጡ ቢሮዎች ናቸው ያሉት።

ሆኖም ሜዳው ከሰፈሩ መልክ መውሰዱን እወድለታለሁ። በቤዝቦል ሕግ በማዕዘኖቹ መካከል ያለው ርቀት በየትም ቦታ 27 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን እንደ መሬቱ ነው። እዚህ የቀኙ ግንብ ከመቺው 97 ሜትር ላይ ይቆማል፤ ከግንቡ ጀርባ የዩታው ጎዳና፣ ከጎዳናው ባሻገር መጋዘኑ አለ። ይህ ለእኔ ባዕድ አልሆነብኝም። በልጅነቴ ገና ስንጫወት የሜዳችንን ወሰን የሚቆርጠው ወንዙና አጥሩ ነበር፤ ሩሯም ከአጥር ወዲያ ስትሻገር ሁላችን እንጮህ ነበር።

በዩታው ጎዳና ላይ ኳስ ከሜዳው ተመትቶ በወደቀበት ስፍራ ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ ወለሉ ላይ ይተከላል። ሕፃናት ጎንበስ እያሉ ስሞቹን ያነባሉ። ከቀኙ ግንብ ጀርባ፣ ጥቁር አረንጓዴ በሆኑት መቀመጫዎች መካከል አንዲት ብርቱካንማ መቀመጫ አለች፤ ኤዲ መሪ በ1996 500ኛውን ሆም ራን ሲመታ ኳሱ ያረፈው እዚያ ነው። መታሰቢያው የቆመው መቺው በቆመበት ሳይሆን ተመልካች በሚቀመጥበት ስፍራ መሆኑ ደስ አሰኘኝ። ብሔራዊ መዝሙሩ ሲዘመርም ሕዝቡ አንድ ስንኝ ላይ ሲደርስ «ኦ!» ብሎ በአንድ ድምፅ ይጮኻል፤ የቡድኑ ስም የመጀመሪያ ፊደል ነውና። መዝሙሩ የተገጠመው በዚሁ ከተማ በ1814 ነው። ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ጮኽሁ።

ስታዲየሙን ያሠራው የሜሪላንድ መንግሥት ነው፤ ለዕዳው መክፈያ ከዋለው ገንዘብ አብዛኛው ከሎተሪ የተገኘ ነው። ሎተሪ የሚቆርጠው ማን እንደ ሆነ ታክሲ ነጂ ያውቃል፤ ተሳፋሪዎቼ በየመንገዱ «አንዴ ቁምልኝ» እያሉ የሚገቡበትን ሱቅ አውቀዋለሁ። ከእነዚህ መካከል ከግንቡ ውስጥ ተቀምጦ ጨዋታ ያየ ስንት ይሆን?

ይህ ጥያቄ በ2015 ጎልቶ ታየኝ። ፍሬዲ ግሬይ የተባለ የ25 ዓመት ጥቁር ወጣት በፖሊስ እጅ ሳለ በደረሰበት ጉዳት ኤፕሪል 19 ቀን ሞተ። በቀብሩ ዕለት፣ ኤፕሪል 27 ቀን፣ ከተማዪቱ ታወከች፤ ሱቆች ተቃጠሉ፤ የሁለት ቀን ጨዋታ ተላለፈ። ኤፕሪል 29 ቀን ኦሪዮልስና የቺካጎው ዋይት ሶክስ በተዘጋ በር ተጋጠሙ። በዋናው የቤዝቦል ሊግ ታሪክ ያለ ተመልካች ሲጫወቱ ያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር፤ በመዝገቡም ላይ የተመልካቹ ቁጥር ዜሮ ተብሎ ተጻፈ።

ያን ቀን ራዲዮዬን ከፍቼ መኪናዬን ዳር አቆምሁ። የዱላው ምት ለብቻው ይሰማል፤ ሁልጊዜ ከምቱ ጋር የሚነሣው የሕዝብ ሆታ ግን የለም። ክሪስ ዴቪስ ገና በመጀመሪያው ዙር ሦስት ነጥብ የሚያስገኝ ሆም ራን መታ፤ ኦሪዮልስም 8 ለ2 አሸነፉ። ካሌብ ጆሴፍ የተባለው ኳስ ያዥ ከጨዋታው በፊት ወደ ባዶው መቀመጫ ቀርቦ፣ በሌሉ ደጋፊዎች ደብተር ላይ የሚፈርም ይመስል እጁን በአየር ላይ ያንቀሳቅስ ነበር። ሲቀልድ ነው። እኔ ግን ፎቶግራፉን ባየሁ ጊዜ መሳቅ አልቻልሁም።

ጥቂት ሰዎች ግን መጥተው ነበር። ከሜዳው ወዲያ በተቆለፈው የብረት በር ውጭ ቆመው፣ በፍርግርጉ መካከል አሻግረው እያዩ ይጮኹ ነበር፤ ስታዲየሙ ባዶ ስለ ሆነ ድምፃቸው ሜዳው ድረስ ይሰማ ነበር።