የአጎቴ ጃዋ ለምን ይጠፋ ነበር?

ውድ አንባቢ ሆይ፤ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ያለዎት እንደሆነ፣ ወይም ከዘመድ ወርሰውት በግቢዎ ጥግ ሸራ ለብሶ የቆመ እንደሆነ፣ ይህን የምጽፈው ለእርስዎ ነው። ከሌለዎትም ያንብቡት፤ በመካከሉ አንድ የወንድማማቾች ጠብ አለበትና አይሰለቹም።

አጎቴ በገጠር ትምህርት ቤት ዕድሜያቸውን የጨረሱ መምህር ነበሩ። ከመጻሕፍታቸው ሌላ ንብረት የሚባል የነበራቸው አንድ ጃዋ ሞተር ብስክሌት ብቻ ነበረ። ጃዋ የቼክ አገር ሥራ ነው። ስሙም የተገኘው ያኔቼክ ከሚባለው ባለፋብሪካና ቫንደረር ከተባለው የጀርመን ሞተር ብስክሌት ስም የመጀመሪያ ፊደሎች ነው፤ እርሳቸው የቫንደረርን ሥራ ገዝተው በ1929 እ.ኤ.አ. ጀመሩት። የአጎቴ ጃዋ 250 ሲሲ ሲሆን፣ ለአንዱ ሲሊንደር ሁለት ማርሚታ አለው። ማርሹን የምንቀይርበት የእግር መርገጫም ወደ ውስጥ ተገፍቶ ወደ ኋላ ሲዞር ማስነሻ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው ማስነሻውን ሲፈልግ ግማሽ ቀን ይዞረዋል። አጎቴም በዚህ መሳቅ ይወዱ ነበር።

እሳቸው በ2003 ዓ.ም. ሲያርፉ ጃዋው ለእኔ ደረሰ። እኔ ያን ጊዜ በደብረ ብርሃን በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በዚያው ከተማ ተማሪ ነበረ። ከልጅነቱ ጀምሮ በአጎታችን እግር ሥር ተቀምጦ ቁልፍና ፒንሳ ሲያቀብል ያደገው እርሱ ነው፤ ውርሱ ግን በታላቅነቴ ለእኔ ሆነ። እርሱም አንድ ቀን እንኳ ቅር አለኝ ብሎ አያውቅም።

በ2006 ዓ.ም. ከፋሲካ በፊት አንድ ቅዳሜ፣ አሮጌ ዕቃ ሁሉ መለወጥ አለበት የሚል ሐሳብ አደረብኝና አዲስ ኮንደንሰር ገዝቼ አገባሁ። አሮጌው ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ወንድሜ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ቆየና፣

«ጋሼ፣ ደኅናውን ምን በደለህ?» አለኝ።

«ከአንተ ይበልጣል፤ ጡረታ ይውጣ» አልሁት። ሳቅን።

በማግስቱ እሑድ ሞተሩን ለወንድሜ አዋስሁት። ሰኞ ጧት ወደ ሥራ ስሄድ በደንብ ተነሣ። ከሥራ በኋላ ግን ወደ ጫጫ መንገድ ወጣ ብዬ 20 ደቂቃ ያህል እንደ ነዳሁ፣ ሳል ሳል አለና ጸጥ አለ። ግማሽ ሰዓት አርፎ ሲቀዘቅዝ እንደገና ተነሣ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ እንደገና ጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባዩ ይኸው ሆነ።

አንባቢዬ፣ እኔ ምን እንዳሰብሁ ይገምቱ። ትላንት የነዳው ወንድሜ ነው፤ ዛሬ ተበላሸ፤ እንግዲህ ያበላሸው እርሱ ነው። ዘይቱን ሳይለካ ቀላቅሎ፣ ሞተሩን አግሎ ጨርሶታል አልሁ። ማታ ወደ ተከራየበት ክፍል ሄጄ፣ ጓደኞቹ ባሉበት፣ «የአጎቴን አደራ አጠፋኸው» አልሁት። እርሱ ግን ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ጋሼ፣ እንደ ሰጠኸኝ ነው የመለስሁልህ» ብቻ አለኝ። ለፋሲካም ወደ ቤቴ አልመጣም።

እዚህ ላይ ጠቡን ትንሽ እናቆየውና፣ እሳቱ እንዴት እንደሚወለድ ልንገርዎ። ይህን ሳያውቁ ሞተር መፈታታት በጨለማ ቤት መርፌ መፈለግ ነው።

የጃዋው ባትሪ 6 ቮልት ብቻ ነው። ስድስት ቮልት ደግሞ በካንዴላው ጫፍ ያለችውን የ0.6 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት መዝለል ፈጽሞ አይችልም። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ ወደ ቦቢና ይሄዳል። ቦቢና ማለት በአንድ የብረት እምብርት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች ናቸው፤ አንዱ ወፈር ያለና ዙሩ ጥቂት፣ ሁለተኛው እንደ ጠጉር የቀጠነና ዙሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠር። ፑንቲና የምንላቸው ሁለት ትናንሽ የብረት ከንፈሮች ተጋጥመው ሳሉ ጅረቱ በወፍራሙ ሽቦ ያልፋል፤ በእምብርቱም ዙሪያ የማግኔት ኃይል ይከማቻል። ሞተሩ ሲዞር ፑንቲናዎቹን ድንገት ይከፍታቸዋል። ጅረቱ ተቋርጦ የተከማቸው ኃይል ሲፈርስ፣ በቀጭኑ ሽቦ ውስጥ ከ10,000 ቮልት በላይ ይወለዳል፤ ካንዴላው ላይ የሚፈነጥቀውም እርሱ ነው። ይህን አሠራር አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ለመኪና ካበጀው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

አሁን ነገሩን ልብ ይበሉ። ጅረት እንደሚሮጥ በሬ ነው፤ ድንገት ቁም ቢሉት አይቆምም። ፑንቲናው መከፈት በጀመረበት ቅጽበት ክፍተቱን ዘሎ ለመሻገር ይሞክራል። ከተሻገረ እሳቱ በካንዴላው ፈንታ በፑንቲናው ላይ ይነዳል፤ የማግኔቱም ኃይል ቀስ እያለ ስለሚፈርስ በቀጭኑ ሽቦ ውስጥ የሚወለደው ቮልት ትንሽ ይሆናል። ይህ እንዳይሆን ከፑንቲናው ጋር ጎን ለጎን የተያያዘች፣ የአውራ ጣት አንጓ የምታክል ቆርቆሮ አለች። እርሷ ኮንደንሰር ናት። ጅረቱን ለቅጽበት ወደ ራሷ ተቀብላ ፑንቲናው ያለ ብልጭታ እንዲከፈት ታደርጋለች። በውስጧ ያለው እንደ ወረቀት የሳሳ ብረትና መከለያ ተጠቅልሎ ነው። መከለያው ደካማ ከሆነ ሲቀዘቅዝ ደኅና ይመስላል፤ ሲግል ግን ጅረት ያሾልካል።

ያን ጊዜ ግን ይህን ሁሉ በቅጡ አላውቅም ነበር፤ የማውቀውም ቢኖር ንዴቴ ሸፍኖታል። ካርቡራተሩን 3 ጊዜ ፈትቼ አጠብሁ። የሰልባቲዮው ክዳን መተንፈሻ ቢደፈን ቤንዚን መውረድ አቅቶት ሞተሩ ልክ እንዲህ በመንገድ ላይ እንደሚጠፋ ሰምቼ፣ ሲጠፋብኝ ክዳኑን ከፍቼ አዳመጥሁ፤ አየር ስብ ሲያደርግ አልሰማሁም። ይህ መልካም ምርመራ ነበር፤ ዋጋም አላስከፈለኝም። ቀጥሎ ያደረግሁት ግን ሞኝነት ነው። የወር ደመወዜን ሢሶ አውጥቼ አዲስ ቦቢና ገዛሁ። ቦቢናም ሲግል እንደዚሁ የሚያደርግበት ጊዜ ስላለ ግምቱ ከንቱ አይደለም፤ ዳሩ ግን ሳልመረምር ገዛሁት። ጃዋውም በአዲሱ ቦቢና 20 ደቂቃ ሄዶ ጠፋ።

አንድ መካኒክ በዚህ መካከል ካንዴላውን አውጥቶ በሲሊንደሩ ራስ ላይ አስደግፎ ሲያስነሣው እሳት ታየ። «እሳት አለ፤ ችግሩ ሌላ ነው» ብሎ አሰናበተኝ። እርስዎ በዚህ አይታለሉ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የታየ እሳት ስለ ጋለው ሞተር ምንም አይናገርም። ደግሞም በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ የታመቀ ስለሆነ እሳቱ ለመዝለል ይቸገራል፤ በውጭ አየር ግን ይቀለዋል። በተለይም ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ የቆመች፣ አየሯ የሳሳ ከተማ ናት፤ በእርሷ ሜዳ ላይ ደካማ እሳትም ጎበዝ ይመስላል። የሚታየው መኖሩ ብቻ አይደለም፤ መልኩም ጭምር ነው። ሰማያዊ ሆኖ ጠጣ ጠጣ የሚል ከሆነ ደኅና ነው፤ ቀጭንና ብጫ ከሆነ ይጠርጥሩት። (ካንዴላውን ከቀዳዳው አርቀው ይያዙት። ከቀዳዳው የሚወጣው የቤንዚን እንፋሎት ቅንድብዎን ሊወስድ ይችላል።)

በሰኔ ወር እናታችን የሚካኤል ዝክር ስለነበራት ሁለታችንንም አንኮበር አካባቢ ወዳለው ቤቷ ጠራችን። ወንድሜ በአውቶቡስ እንደሚሄድ ሰማሁ። ከእርሱ ጋር በአንድ ወንበር ላለመቀመጥ ስል ብቻ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚሆነው መንገድ በሽተኛውን ጃዋ አስነሥቼ ወጣሁ።

ገና ሩብ መንገድ ሳልደርስ ጠፋ። እስኪቀዘቅዝ ስጠብቅ አውቶቡሱ ከኋላዬ መጣ። ወንድሜ በመስኮት በኩል ተቀምጦ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ፊቴን እንዳያይ በሞተሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ካርቡራተሩን የምነካካ መሰልሁ። አውቶቡሱ አቧራውን አልብሶኝ አለፈ። ጃዋው ተነሣ፤ ሄደ፤ ሁለተኛ ጠፋ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋ ግን ጉሙ ወርዶ፣ ቀኑም መሽቶ ነበር። በአካባቢው ከአንድ እረኛ ልጅ በቀር ሰው አልነበረም፤ እርሱም በጎቹን እየነዳ ሄደ።

ያን ጊዜ መጠበቅ ሰለቸኝና፣ ሞተሩ እንደ ጋለ ካንዴላውን ፈታሁ። ጫፉ በቤንዚን ርሷል። እንግዲህ ቤንዚን ይደርሳል፤ ካርቡራተሩን 3 ጊዜ ያጠብሁት በከንቱ ነው። ካንዴላውን ብረት አስነክቼ ማስነሻውን ስጫን ቀጭን ብጫ እሳት አንዴ ታየ፣ አንዴ ጠፋ። የፊት መብራቱ ደማቅ ስለሆነ ባትሪውን ተውሁት። መካኒኮች ማሳ የሚሉትን፣ ወደ ሞተሩ ብረት የሚመለሰውን መስመር፣ ብሎኑን ጠበቅ አድርጌ ሞከርሁ፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ በቀኝ በኩል ያለውን የዲናሞ ክዳን አወረድሁ። ፑንቲናው በዚያ ነው። ማስነሻው ደግሞ በግራ በኩል ስለሆነ፣ በግራ እጄ መርገጫውን እየጫንሁ አንገቴን በመቀመጫው ላይ ወደ ቀኝ አስግጌ ተመለከትሁ።

ፑንቲናው በተከፈተ ቁጥር በከንፈሮቹ መካከል ወፍራም ነጭ ብልጭታ ይፈነጥቃል! በቀን ብርሃን ሳላየው የኖርሁት ምሽቱ ወለል አድርጎ አሳየኝ። ለካንዴላው የተመደበው እሳት በፑንቲናው ላይ ሲባክን ከርሟል። ከንፈሮቹም ጠቁረው ጎድጉደዋል። በንጹሕ ወረቀት ጠራረግኋቸው፤ ክፍተታቸውም ወደ 0.4 ሚሊሜትር መሆኑን በመለኪያዋ ቅጠል አየሁ። ብልጭታው ግን አልቀነሰም። የቀረ ተጠርጣሪ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከወንድሜ ጉዞ አንድ ቀን ቀደም ብዬ በገዛ እጄ ያስገባሁት አዲስ ኮንደንሰር ነው።

በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። አሮጌውን የት እንደ ጣልሁት ለማስታወስ እየሞከርሁ የመሣሪያውን ሳጥን ስበረብር፣ ከካቻቢቴው ሥር በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ፈታሁት፤ አሮጌው ኮንደንሰር ነው። በወረቀቱ ላይ በወንድሜ እጅ ጽሕፈት እንዲህ የሚል አለ፤ «የድሮው። ደኅና ነው። እንዳትጥለው።» ይህን የጻፈው ሞተሩን በተዋሰበት እሑድ መሆን አለበት። እኔም ሳጥኑን ሁለት ወር ሙሉ ስከፍትና ስዘጋ አላየሁትም።

መበየጃ ስለሌለኝ የአዲሱን ሽቦ ቆርጬ፣ የአሮጌውን ሽቦ በፑንቲናው ብሎን ሥር ጠምዝዤ አጠበቅሁት። አካሉንም ቀለም በሌለው ብረት ላይ በሽቦ አሰርሁት፤ ኮንደንሰር አካሉ ብረት ካልነካ አይሠራምና ይህን አይርሱ። ማስነሻውን በእጄ ስጫን በፑንቲናው ላይ የነበረው ብልጭታ ጠፍቷል ለማለት ይቻላል። ካንዴላውን መለስሁ። ጃዋው በሁለተኛው ርግጫ ተነሣ፤ የቀረውንም መንገድ አንዴ ሳያስል ጨረሰ።

አንባቢዬ፣ አዲስ ዕቃ ሁሉ ደኅና አይደለም። ሞተርዎ አንድ ዕቃ በለወጡ ማግስት ከታመመ፣ ከሁሉ በፊት ያን የለወጡትን ዕቃ ይጠይቁ። በአንድ ጊዜም ከአንድ በላይ አይለውጡ፤ ያለዚያ ማን እንዳዳነው፣ ማን እንደ ገደለው አይታወቅም። የሚሠራ አሮጌ ዕቃ ደግሞ በወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡ። ይህን የመጨረሻውን ከማን እንደተማርሁት አይተዋል።

እናታችን ቤት ስደርስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኖ ነበር። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ መጀመሪያ የወጣው ወንድሜ ነው። ባትሪ በእጁ ይዟል። ሰላምታ ሳይሰጠኝ ብርሃኑን በሞተሩ ላይ አደረገ።

«በመንገድ አልጠፋም?» አለኝ።

«ሦስት ጊዜ ጠፋ» አልሁት። «ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።» ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት።

አነበበው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና በጃዋው ቀኝ ጎን ቁጢጥ አለ።

«በምን አሰርኸው?»

«በሽቦ።»

«እስቲ ክዳኑን አውርደው፤ ብርሃኑን እኔ እይዝልሃለሁ። ይኼ እስከ ነገ አያደርስህም፣ ጋሼ።»

እናታችን ከውስጥ ራቱ ቀዘቀዘ እያለች ትጣራለች። እኔ ካቻቢቴውን ፍለጋ ሳጥኑን ከፈትሁ።