ጨው፣ ሻማ፣ ዕጣንና የኩሽና ሰዓት

«ጸሎት ዕቃ አይፈልግም» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ዕቃው በእጁ ያለ ሰው ነው። ዳዊቱ ራስጌው፣ መቁጠሪያው ትራሱ ሥር ነው። ጧፍና ዕጣን ቢያልቅበት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይገዛል። ዕቃውን ተከልክሎ አያውቅማ!

ይህን ያሳሰበኝ የአንድ አሜሪካዊ እስረኛ ጉዳይ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1982 ቨርጂኒያ ውስጥ እስር ቤት ሆኖ፣ በፖስታ በሚላክ የርቀት ትምህርት ዊካ የሚባለውን እምነት መማር ጀመረ።

ዊካ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ጠንቋይ ቤት ነው። እምነቱ ግን ዘመናዊ ሃይማኖት ነው። ጄራልድ ጋርድነር የተባለ ጡረታ የወጣ እንግሊዛዊ የጉምሩክ ሠራተኛ በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ለሕዝብ አስተዋወቀው። ብዙዎቹ ተከታዮች አንዲት እንስት አምላክና አንድ ተባዕት አምላክ ያመልካሉ፤ ሙሉ ጨረቃንና የወቅቶችን መለዋወጥ ያከብራሉ። የዕለት ጸሎታቸው በአንድ መጽሐፍና በተወሰነ ሰዓት የታሰረ አይደለም። አንዱ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሁለት ቃል ተናግሮ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሌላዋ ሻማ አብርታ፣ ትንፋሿን እያዳመጠች፣ ከእግሯ ሥር እንደ ዛፍ ሥር ወደ መሬት ሲወርድ በሐሳቧ እያየች ትቀመጣለች። ብዙዎቹ ይህን የሚያደርጉት ለብቻቸው ነው።

እስረኛውም ለብቻው ነበር። በ1983 መጨረሻ ላይ ለተመስጦው የሚያስፈልጉትን ዕቃዎች ጠየቀ፦ በዙሪያው ክብ የሚሠራበት ጨው ወይም ድኝ፣ ሐሳቡን የሚሰበስብበት ሻማና ዕጣን፣ ቆብ ያለው ነጭ ቀሚስ፣ እንዲሁም ደቂቃ ቆጥራ የምትጮህ የኩሽና ሰዓት።

እስር ቤቱ እምቢ አለ። ሰዓቷ ቦምብ ማፈንጃ ልትሆን ትችላለች፤ ቆቡ ፊት ይሸፍናል፤ ዕጣኑ የማሪዋናን ሽታ ይደብቃል። የመንግሥት ጠበቆች ደግሞ «ይኼ መጀመሪያውኑ ሃይማኖት አይደለም» ብለው ተከራከሩ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1986 ሁለት ነገር ወሰነ። ዊካ ሃይማኖት ነው አለ፤ ዕቃዎቹን ግን ለጸጥታ ሲባል መከልከል ይቻላል አለ።

እስቲ ፍረዱ! የእስር ቤቱን ሥጋት ከንቱ ነው አልልም፤ ጠባቂ መጠርጠር ሥራው ነው። እኔን የያዘችኝ ግን ሰዓቷ ናት። ለምን ጠየቃት? በተመስጦ እንቅልፍ መሰል ሁኔታ ውስጥ ሲገባ የሚቀሰቅሰው ስለሚያስፈልገው ነው።

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ይህ ችግር አይገባውም። ሌሊት የቅዳሴው ድምፅ፣ ንጋት ላይ አዛኑ አለ። ብንፈልግም ባንፈልግም ወደ ጸሎት የሚጠራን፣ «በሰላም ግቡ» ብሎ የሚያሰናብተን ሰው አለ። ብቻውን የሚያምን ሰው ግን ካህኑም፣ ምእመኑም፣ ደወል ደዋዩም ራሱ ነው። ለብቻ መጸለይ ነፃነት ነው ይባላል፤ ነፃነቱ ግን ይህን ሁሉ ሥራ ያሸክማል።

በእሱ አማልክት አላምንም። ቢሆንም «ጠንቋይ» ብሎ ከማለፍ በፊት አንድ ነገር ማየት ይገባል፦ ሰውየው ያን ሁሉ ክርክር የገጠመው ከእስር ቤት ለመውጣት አልነበረም። እዚያው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ዝም ለማለት ነበር።