ሦስት ትውልድ በወንዝ ዳር

ምግብ ቤት የሚሠራ ሰው የሚኖርበትን አገር ብዙም አያውቀውም። ጠዋት ገበያ፣ ቀን ወጥ ቤት፣ ማታ ሂሳብ ነው። እኔ ፓሪስ ከ20 ዓመት በላይ ኖሬያለሁ፤ አጥርቼ የማውቀው ግን ሜትሮውንና የሽንኩርቱን ዋጋ ነው። እናንተም በየሥራችሁ ከዚህ ብዙ የምትርቁ አይመስለኝም። ስለዚህ ዛሬ በትንሽ ወጪ፣ በአንድ ቀን፣ ልጅም አዛውንትም ይዛችሁ የምትሄዱበትን አንድ የእግር መንገድ ልንገራችሁ።

ቦታው ሞሬ ሱር ልዋን ይባላል። ከፓሪስ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከፎንቴንብሎ ጫካ አጠገብ፣ ልዋን በሚባል ወንዝ ዳር ያለ አሮጌ ከተማ ነው። ከጋር ደ ሊዮን በ«ኤር» መስመር ባቡር 50 ደቂቃ ያህል ነው፤ ለሁሉም ዞን የሚሠራ ወርኃዊ ናቪጎ ካርድ ያለው ሰው ተጨማሪ አይከፍልም። ከጣቢያው ተነስታችሁ፣ ከተማውን አይታችሁ፣ በውሃ ዳር እስከ ሴንት ማሜስ መንደር ደርሳችሁ በመንደሩ ውስጥ ዞራችሁ ስትመለሱ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

እኛ የሄድነው ፈረንጆቹ ጰራቅሊጦስን ባከበሩ ማግስት፣ ሰኞ ዕለት ነው። ምግብ ቤቴም ትምህርት ቤቱም ዝግ ነበር። እኔ፣ የ13 ዓመት ልጄና ከመንዝ መጥታ ከእኛ ጋር የምትኖረው እናቴ ነበርን። እናቴ አምስተኛ ፎቅ ላይ መኖር ከጀመረች ወዲህ ደጋግማ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «እዚህ አገር አፈር የለም እንዴ?» ልጄ ደግሞ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ስትናገር ይከብዳታል። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ እየተኙ፣ «ደህና እደሪ» እና «ብዪ ብዪ» ከሚለው ብዙም አያልፉም።

ሞሬ የድሮ የግንብ አጥር የነበረው ከተማ ነው። በዋናው መንገድ ዳርና ዳር ሁለት ትልልቅ የድንጋይ በሮች እስከ ዛሬ ቆመዋል። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1815 ከኤልባ ደሴት ተመልሶ ወደ ፓሪስ ሲገሰግስ ያለፈው በዚህ ነው። እናቴን ግን ናፖሊዮን አላስደነቃትም። ያስደነቃት ከረሜላው ነው! የሞሬ መነኮሳት ከ1638 ጀምሮ ስኳርን ከገብስ ውሃ ጋር አፍልተው የሚሠሩት ከረሜላ ነበራቸው፤ ዛሬም ይሸጣል። ልጄ አንድ ቆርቆሮ ገዝታ «አያቴ፣ ይሄ ገብስ ነው» አለቻት። እናቴ አንዷን አፏ ውስጥ አድርጋ ትንሽ ቆየችና «ገብስ እንዲህም ይሆናል? እኛ ቆሎና በሶ ብቻ ነው የምናውቀው» አለች። ከዚያ በሶ ምን እንደሆነ ለልጅቷ ስታስረዳ፣ እንዴት እንደሚቆላና እንደሚፈጭ በእጇ ስታሳያት፣ ሁለተኛውን በር አልፈን ድልድዩ ላይ ደረስን። እኔ ዝም ብዬ ከኋላ እከተላለሁ።

ከድልድዩ ማዶ ዞር ብላችሁ ስታዩ በሩ፣ ቤቶቹና የኖትርዳም ቤተ ክርስቲያን አንድ ላይ ይታያሉ። ይህን ቤተ ክርስቲያን አልፍሬድ ሲስሌ የሚባል ሠዓሊ በ1893 እና በ1894 በተለያየ ሰዓትና በተለያየ አየር ደጋግሞ ስሎታል። ልጄ በስልኳ ስለ ሰውዬው አነበበች። በ1839 ፓሪስ ተወለደ፤ ወላጆቹ ግን እንግሊዛውያን ነበሩ። ዕድሜውን በአብዛኛው ፈረንሳይ ኖረ፣ ወንዞቿንና መንደሮቿን ሳለ፣ ዜግነት ጠየቀ፣ ሳያገኝም በ1899 እዚሁ ሞሬ ሞተ። ልጄ ይህን ለአያቷ በአማርኛ ለመንገር ታገለች።

«አያቴ፣ እዚህ ተወለደ። ግን ወረቀት የለም።»

«እዚሁ ተወልዶ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ዛሬ እንግዳ የሚመጣላቸው በማን ስም ነው?» አለች እናቴ። ልጄ ሳቀች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «አባዬ፣ የኔስ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ቤት ያለ ይመስለኛል። ፈረንሳይ ውስጥ ከውጭ ዜጎች የተወለደ ልጅ በተወለደበት ቀን ፈረንሳዊ አይሆንም። የመኖሪያ ዘመኑን ካሟላ፣ 13 ዓመት ሲሞላው ወላጅ በልጁ ፈቃድ ያመለክትለታል፤ በ16 ራሱ ማመልከት ይችላል፤ ካላመለከተም በ18 ዓመቱ በሕግ ያገኘዋል። በኢትዮጵያ ሕግ ደግሞ ጥምር ዜግነት አይፈቀድም። ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሚሰጠው ቢጫ ካርድ አለ፣ ብዙ መብትም ይሰጣል፤ ፓስፖርት ግን አይደለም። የልጄ ማመልከቻ ቅጽ መሳቢያ ውስጥ ያለው ለዚህ ነው። አንዱን ስሰጣት ሌላውን እንደምወስድባት እየታሰበኝ እጄ አልፈጥን አለ።

ከድልድዩ እስከ ሴንት ማሜስ በልዋን ቦይ ዳር የሚወስደው መንገድ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ቦዩ የዛሬ 300 ዓመት ገደማ ለጭነት ጀልባ የተቆፈረ ነው። ልጄን ከአያቷ መሃል አድርጌ ሁሉንም በዝግታ ነገርኳት፤ ያልገባትን በፈረንሳይኛ ደገምኩላት። እናቴ ጫማዋን አውልቃ ሣሩን እየረገጠች ትሰማለች። በመጨረሻ «ልጅቷን ነው መጠየቅ፤ እኔን ወይም ራስህን አይደለም» አለችኝ።

ሴንት ማሜስ የጀልባ ሰዎች መንደር ነው። ፔኒሽ የሚባሉት ረጃጅም የጭነት ጀልባዎች ዳር ላይ ተደርድረው ይታያሉ። ልዋን ከሴን ጋር የሚቀላቀለው እዚህ ነው። ዳቦአችንንና ቆሎአችንን እዚያው በላን። ልጄ ውሃው ፓሪስ እንደሚደርስ ስነግራት ቅጠል ጣለችበት፤ «እኛ ቀድመነው እንደርሳለን» አለች። ከዚያ ቆይታ «ቅጹን እኔ ራሴ ላንብበው፣ ከዚያ እነግርሃለሁ» አለችኝ። አሁን ጠረጴዛዋ ላይ ነው። ምን እንደምትወስን አልጠየቅኳትም። እሷና እናቴ ግን ማታ ማታ ረዘም አድርገው ያወራሉ፤ አንዳንዴ ስለ በሶ ሲሆን እሰማለሁ።

መሄድ ካሰባችሁ ምቹ ጫማ፣ ውሃና ስንቅ ያዙ። ሰኞ ብዙ ሱቅ ዝግ ሊሆን ስለሚችል እሑድ ይሻላል። ዝናብ በበዛበት ወቅት ልዋን ስለሚሞላ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፓሪስ ለሌላችሁም፣ በየከተማችሁ በባቡር የሚደረስበት አንድ ወንዝ አይጠፋም። አዛውንቶቻችሁን ከፎቅ አውርዱ፤ ልጆቻችሁን መሃል አድርጋችሁ ሂዱ። ገበታ ላይ የማይነሳ ጥያቄ መንገድ ላይ ይነሳል፤ ያኔ ያላችሁን መልስ ሳትደብቁ ስጧቸው። መልካም ጉዞ!