መኪናችንን ለአፍዴራ መንገድ ስናሰናዳ

አንባቢ ሆይ፤ መኪና የገዛ ሰው እንደ አዲስ ሙሽራ ነው፤ ሊብሬው ገና በስሙ ሳይዞር ምን እንደሚጨምርላት ሲያስብ ያድራል። እኛም ሦስት ባልንጀሮች ከደመወዛችን አጠራቅመን፣ የጎደለውን ከዘመድ ተበድረን አንዲት ላንድ ክሩዘር ሃርድቶፕ በገዛን ሳምንት እንዲሁ ሆንን። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ፣ እንዲህ ያለችውን መኪና የሚሻ ሰው ቀድመው ከገቡት መካከል መርጦ ይገዛል። ስለዚህ መኪናችን አዲስ የሆነችው ለእኛ እንጂ ለመንገዱ አልነበረም። ያሰብነው ሥራም አገር ጐብኚዎችን ወደ አፋር ቆላ ማውረድ፣ የሚጠጡትንም ውሃ በተሳቢ ጋሪ ከኋላ አስከትሎ መሄድ ነው።

ወዲያው ወደ ሶማሌ ተራ ሄደን የሚያስፈልገንን ዝርዝር ይዘን ተመለስን። የብረት ፓራውልት፣ ስድስት ተጨማሪ መብራቶች፣ ፖርቶ መጋላ፣ ዊንች፣ ተርቦ፣ ሰፋፊ ጎማ፣ መኪናዋን ከፍ የሚያደርግ ሞላ፤ ብቻ ምን ያልጻፍነው አለ! ዋጋው ሲደመር ግን በእጃችን ከቀረው ገንዘብ እጥፍ ሆነ። የቀጠርናቸው ሾፌር በዚያ አገር ብዙ ዘመን የነዱ ሽማግሌ ናቸው። ወረቀቱን አይተው፣ «ልጆቼ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንባችሁ። መጀመሪያ እንዳለች እንውረድና የጎደላትን መንገዱ ራሱ ይንገረን» አሉን።

ምክራቸውን የምንሰማበት ምክንያት ነበረን። ከሁለት ዓመት በፊት በኪራይ መኪና ወደዚያው ስንወርድ የተሳቢው መጎተቻ ብየዳ በድንገት ተሰብሮ፣ ጋሪው ተገልብጦ ውሃችን ሁሉ አሸዋ ጠጥቶት ቀረ። ያን ሌሊት ለሰባት ሰው የቀረን ሁለት ጠርሙስ ውሃ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ረፋዱ ላይ አንድ የጨው ካሚዮን ባያገኘን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው በሆነ ነበር።

እነሆ በጥር ወር አንድ ማለዳ 600 ሊትር የሚይዘውን የውሃ ጋሪ አስከትለን ከአዲስ አበባ ተነሣን። ከተማችን 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተርም በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 10 ያህሉን ያጣል። በ4.2 ሊትሩ ሞተር ተማምነን የገዛናት መኪና በእንጦጦ ዳገት ስታቃስት አዝነን ነበር። አዋሽን አልፈን ገዋኔ ስንደርስ ግን ማንም ሳይነካት ጉልበቷ ተመለሰላት። ሥራዋ ቆላ ነውና ተርቦውን ከዝርዝሩ ሠረዝነው።

ይሁን እንጂ ቆላው በአንድ እጁ የሰጣትን በሌላው ነሣት። ፀሐይ ስትበረታ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ይጠጋ ጀመር። ሾፌራችን ከጥላ ሥር አቁመው ሞተሩ እስኪበርድ ከጠበቁ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን ቢከፍቱት ውስጡ ዝገትና ደለል ይዟል። «እንግዲህ አንደኛ ብለህ ጻፍ፤ ራዲያተሩ ይታጠብ፣ ቺንጊያውና የውሃ ቧንቧው ይለወጥ» አሉኝ። በእኛ ዝርዝር ላይ ራዲያተር የሚል ቃል አልነበረም።

ከገዋኔ ወደ ሚሌ ያለው መንገድ የጅቡቲ ካሚዮኖች መንገድ ነው። አንዱ ግዙፍ ካሚዮን በጎናችን ሲያልፍ ጋሪያችን እንደ ውሻ ጅራት ይወዛወዝ ጀመር፤ መኪናዋንም ወዲያና ወዲህ ጎተታት። ሾፌሩ ፍሬን ሳይረግጡ እግራቸውን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብለው አንሥተው አረጋጓት። ሚሌ ስንቆም ጥፋቱ የእኛ ሆኖ ተገኘ። የናፍጣ ጀሪካኖቹን ሁሉ የጫንነው ከጋሪው ጎማ በስተኋላ ነበር። የተሳቢ ክብደት ከ10 እጅ አንዱ ያህል በመጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት፤ ጋሪው ከነጭነቱ 900 ኪሎ ቢሆን 90 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ ሲያንስ ጅራቱ ይገዛዋል። ደግሞ በርሜሉ እየጎደለ በሄደ ቁጥር ውሃው ውስጥ ለውስጥ ይላጋል፤ ስለዚህ በውስጡ መከፋፈያ ላሜራ ያሻዋል። ጀሪካኖቹን ወደ ፊት ብናዛውራቸው መወዛወዙ ቆመ።

ሰመራ አድረን በማግሥቱ ሰርዶ ላይ የጅቡቲን መንገድ ትተን ወደ ሰሜን ታጠፍን። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሌላ ነው፤ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንደ ከሰል ጠቁሮ እስከ ዐይን ዳር ተዘርግቷል። በመንገዱ ላይ ግመሎች የሚነዱ አንድ አፋር ሽማግሌ አገኘን፤ ሾፌራችንም ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ተጨዋወቱ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ይህ ነው፤ መንገደኛና መንገደኛ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይደብቁና ሳይጨምሩ ይነጋገራሉ፤ በዳጉ መዋሸትም ትልቅ ነውር ነው። ልንሄድበት ያሰብነው የአሸዋ መንገድ አመድ እንደ ለበሰ የተረዳነው ከእሳቸው ነው። ሃይሊ ጉቢ የሚባለው ተራራ በኅዳር 2018 ዓ.ም. በፈነዳ ጊዜ አመዱ በአፍዴራ አካባቢ ባሉ መንደሮች ላይ ወርዶ፣ ደመናውም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደርሶ ነበር። ማታ የአየር ፊልትሮውን አውጥተን ስናራግፈው እንደ ዱቄት በነነ። ሁለት ትርፍ ፊልትሮ መያዝና የአየር መሳቢያውን ቧንቧ እስከ ጣራው ከፍ ማድረግ በዝርዝሩ ላይ ተጨመረ።

በሌላው መንገድም ቢሆን አሸዋው ያዘን። እኔ «ዊንች ቢኖረን!» ስል ሾፌራችን ሳቁና፣ «ገመዱን ከምን ላይ ልታሥረው ነው?» አሉኝ። ዘወር ብዬ ባይ አንድ ዛፍ የለም። የአራቱንም ጎማዎች ንፋስ በመለኪያው ከ40 ወደ 20 አወረዱት፤ አሸዋውን በአካፋ ጠረግን፤ መኪናዋም በቀስታ ወጣች። ከዊንቹ ይልቅ አካፋ፣ ከጎማው ሥር የሚነጠፍ ላሜራና ንፋስ መሙያ ያስፈልገን ነበር።

አፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሰዎች ጨዋማውን ውሃ በሞተር ስበው በግድብ ያቆሩታል፤ ፀሐይም አትንና ነጩን ጨው ትተዋለች። ማዕዱ ያማረ ነው፤ ለብረት ግን መርዝ ነው። በዚያ የሚመላለሱትን ካሚዮኖች ሆድ ዝገት እንዴት እንደ በላው አይተን፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ መኪናዋን ከሥር በንጹሕ ውሃ ማጠብ የሚል ጻፍን። ይህስ ገንዘብም አይጠይቅ።

አዲስ አበባ ስንመለስ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። ስድስቱ መብራቶች፣ ዊንቹ፣ ተርቦውና የብረት ፓራውልቱ ተሠረዙ። ለነገሩ እያንዳንዱ የሚጨመር ብረት አንድ ኪሎ በሆነ ቁጥር አንድ ሊትር ውሃ መቀነስ ማለት ነው። በምትካቸው የኋላው ባሌስትራ ይጠናከር፣ ለጋሪው የራሱ ፍሬን ይሠራለት፣ የጋሪው ጎማና ቸርኬ ከመኪናዋ ጋር አንድ ዓይነት ይሁንና አንዱ ስኮርታ ለሁለቱም ያገልግል አልን። መጎተቻውም በፓራውልት ላይ አይበየድም፤ በሻንሲው ላይ በወፍራም ብሎን ይታሠራል፤ ቢለቅም ጋሪውን የሚይዙ ሁለት ሰንሰለቶች ይኖሩታል።

ሁሉንም ጽፈን ስንጨርስ ሾፌራችን ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡና አንድ መስመር በእጃቸው ጨመሩበት። «መጎተቻው ምንም ቢጠነክር ከውሃው 100 ሊትር በጋሪው ሳይሆን በመኪናዋ ውስጥ ይጫናል» ይላል። ይህ መስመር ምንም ዋጋ አላስወጣንም፤ እኛ ግን ያንን ሌሊት አስታውሰን ከሁሉ በላይ አንደኛ አድርገን ጻፍነው።