እግሯ የተሰበረ ድመት

እኔ የይጁቤ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ጧት ባለቤት የሌላት ድመት እግሯ ተሰብሮ ከጎተራዬ ሥር አገኘኋት። በመቀነቴ የቋጠርኩት 200 ብር ለልጄ ደብተር ነበር።

«ለድመት ገንዘብ ታወጫለሽ?» አሉኝ ጎረቤቴ። እውነታቸውን ነው። ግን ዓምና ጤፌን ከአይጥ የጠበቀችልኝ ማን ሆነና!

ፓራሲታሞል ልሰጣት አስቤ ነበር። ደግነቱ አልሰጠኋትም። በጆንያ ጠቅልዬ ወደ ከብት ሐኪም ወሰድኳት።

«ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል» አለኝ። ቀጥሎ እጄን አየ። «ነክሳዎታለች? የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይይዛል። ከነከሰችዎ ቁስሉን ቶሎ በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ይጠቡ። ከዚያ ለክትባት ጤና ጣቢያ ይሂዱ።»

አልነከሰችኝም። እግሯን አሰረላት። 200ውን ብር ከፈልኩ።

ልጄ እስከ ገበያ ቀን ድረስ በአሮጌ ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፈ።