ሁለቱ ሽቦዎች

ባሕር በሌላት አገር ተወልዶ የመርከብ ኤሌክትሪክ ሥራ የሚማር ሰው ከመሳቂያነት አይድንም። ጓደኞቼ «ጣና ላይ ልትሠራ ነው ወይ?» እያሉ ሲቀልዱብኝ ከርመዋል። ዘንድሮ ከመርከብ ልምምድ ስመለስ ግን ቀልዱን ትተው «እስቲ ያየኸውን ጻፍልን» አሉኝ። እኔም ካየሁት ይልቅ ያጠፋሁትን ልጽፍ ወደድሁ።

በዛሬው ጊዜ ከአገር አገር የሚመላለስ ትልቅ መርከብ ሁሉ ስለ ራሱ የሚናገር ኤ አይ ኤስ የሚባል የሬዲዮ መሣሪያ አለው። ልካቸው 300 ቶንና ከዚያ በላይ የሆነ መርከቦች እስከ 2004 እ.ኤ.አ. መጨረሻ እንዲይዙት በዓለም አቀፍ ሕግ ታዘዋል። መርከቡ ሲጓዝ በየ2 እስከ 10 ሴኮንዱ፣ መልሕቅ ጥሎ ሲቆም በየ3 ደቂቃው፣ በ161.975 እና በ162.025 ሜጋኸርዝ «እገሌ ነኝ፣ እዚህ ነኝ፣ ፊቴ ወዲህ ነው» ይላል።

ነገር ግን ይህ መሣሪያ አፍ ነው እንጂ ዐይን አይደለም። ምንም እንኳ በሆዱ የራሱ ጂፒኤስ ቢኖረውም፣ የመርከቡ ፊት ወዴት እንደ ዞረ የሚነግረው ጋይሮ ኮምፓሱ ነው። ጋይሮው የሚናገረው በሁለት ሽቦ ሲሆን፣ ቃሉም በዶላር ምልክት የሚጀምር አጭር መስመር ነው፤ ይኸውም የተናጋሪው ስም፣ የነገሩ ዐይነት፣ ቁጥሩ፣ በመጨረሻም ከኮከብ ምልክት በኋላ መስመሩ በመንገድ እንዳልተበላሸ የሚመሰክር ሁለት ምልክት። ፍጥነቱ በሁለቱም ወገን አንድ መሆን አለበት፤ አንዱ በሴኮንድ 4,800 ቢት ሲናገር ሌላው በ38,400 ቢያዳምጥ አይግባቡም። በአንድ መስመር ላይም ተናጋሪው አንድ ብቻ ነው፤ አድማጮቹ ግን ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። የማኅበራችን ስብሰባ በዚህ ዐይነት ቢታሰር ምንኛ በተገላገልን!

ጅቡቲ ፊት ለፊት መልሕቅ ጥለን የወደብ ተራ ስንጠብቅ፣ ከጋይሮው ወደ ኤ አይ ኤሱ የሚሄዱትን፣ ጫፋቸውን ጨው የበላቸውን ሁለት ሽቦዎች ቆርጬ እንደገና እንዳስር ታዘዝሁ። ቆረጥሁ፣ ላጥሁ፣ በብሎኑ አጠበቅሁ፤ ኤና ቢ የሚባሉትንም አቀያየርሁ። ቀለማቸው በጨው ጠፍቶ ነበር ብዬ ላመካኝ እችል ነበር፤ አልጠፋም። ሽቦዎቹ ሲቀያየሩ ቃሉ ሁሉ ስለሚገለበጥ ሰሚው ንግግር አይሰማም።

መሣሪያው ጮኸ። በትንሹ መስኮቱም ላይ አቅጣጫ እንደ ጠፋ ጻፈ። ጋይሮ ከተነሣ በኋላ እስኪረጋ ጥቂት ሰዓት እንደሚፈጅ በክፍል ተምሬ ነበርና «ገና አልረጋም» አልሁ። ጋይሮው ግን ከቶ አልተዘጋም ነበር! ቁልፉን ተጭኜ ዝም አሰኘሁትና ምሳዬን ልበላ ወረድሁ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በአጠገባችን የቆመ መርከብ በሬዲዮ ጠራን። መልሕቁን አንሥቶ በኋላችን ሊያልፍ ፈልጓል፤ ነገር ግን በማሳያው ላይ ፊታችን ይለዋወጥበታል። «መልሕቃችሁ ለቋል ወይ?» አለ። ሁለተኛው መኮንን ወደ እኛ ማሳያ ተመለከተ፤ መርከባችን ፊቱን ለነፋሱ ሰጥቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጋይሮውም የኤሌክትሮኒክ ካርታውም ይስማማሉ። መኮንኑ ጎረቤታችንን ሊቈጣ ምንም አልቀረው።

የእኛ ካርታ አቅጣጫውን ከጋይሮው የሚቀበለው በሌላ ሽቦ ነበር። ስለዚህ እኛ ራሳችንን የምናይበት መስመር ደኅና ሆኖ፣ ሌሎች እኛን የሚያዩበት ተበላሽቷል። አቅጣጫው ሲጠፋበት ኤ አይ ኤስ በቦታው 511 የሚል ቁጥር ይልካል፤ «አላውቅም» ማለቱ ነው። ያን ጊዜ የተቀባዩ ማሳያ ፊታችንን የሚሥለው ጂፒኤስ በሚሰጠው የጉዞ አቅጣጫ ይሆናል። የቆመ መርከብ ደግሞ ጉዞ የለውም፤ ጥቂት በተወዛወዘ ቍጥር አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቅ፣ አንድ ጊዜ ወደ ደቡብ ይባላል። በጎረቤታችን ዐይን በየ3 ደቂቃው እንደ ሰካራም እንዞር ነበር። ሰውየው ብልህ ባይሆንና ማሳያውን ብቻ ቢያምን ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ።

የመርከቡን ኤሌክትሪሽያን ቀሰቀሱት። አሰብ ወደባችን በነበረበት ዘመን ባሕር የገባ ሽማግሌ ነው። ቴስተሩን ይዞ ከአንቴናው ጀምሮ ሊመረምር ሲሰናዳ ከኋላው ቆሜ ነበር። ዝም ብል ፈልጎ ያገኘዋል፤ ምናልባትም በጨው ያመካኛል።

«ጋሼ፣ ቀን ጮኾ ነበር። ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ» አልሁት።

«ምን ብሎ ጮኸ?»

«አቅጣጫ የለም ብሎ።»

«አንተስ ምን መለስህለት?»

መልስ አልነበረኝም። ካቻቢቴውን በእጄ አስያዘኝ።

ሁለት ብሎን ነው፤ ደቂቃም አልፈጀ። ቁጥሩ በመስኮቱ ላይ ብቅ አለ። ጋሼ ግን ይህ አልበቃውም፤ መጀመሪያ ከጋይሮው ቁጥር ጋር አስተያየኝ፣ ቀጥሎም ጎረቤታችን የሚያየውን በሬዲዮ እንዲነግረን መኮንኑን ለመነው። 3 ደቂቃ ጠበቅን። እንደዚያ ያለ ረጅም 3 ደቂቃ በፈተና አዳራሽ እንኳ አላየሁም። የመጣው ቁጥር ከእኛው ጋር አንድ ነበር።

ጎረቤታችን በኋላችን አልፎ ሄደ። ሲነጋ ጥፋቴን በመዝገቡ ላይ በእጄ ጻፍሁ። ጋሼ አንብቦ «የጮኸበትን ሰዓት ረስተሃል» ሲል መዝገቡን መለሰልኝ።